ግማሽ መምህር፦ የካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብ በጀት ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ ድምፅ ሊሰጥ የወጣ ሰው ሰባት ግዛት አቀፍ ጥያቄዎች ይጠብቁት ነበር። ሁለቱ ስለ ስፖርት ውርርድ ናቸው። በእነሱ ላይ ደጋፊና ተቃዋሚ ተደማምሮ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሷል። ቴሌቪዥን በከፈቱ ቁጥር ወሬው ቁማር ነበር። በዚያ ጫጫታ መሃል ፕሮፖዚሽን 28 የሚባል አንድ ዝምተኛ ጥያቄ ተቀምጧል። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሙዚቃና ለሥነ ጥበብ ቋሚ በጀት ይመደብ ወይስ አይመደብ? ነገሩ ይኸው ነው።

ግዛቱ ለመራጮች የሚያሳትመው መመሪያ አለ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የድጋፍና የተቃውሞ ጽሑፍ ይወጣበታል። ለፕሮፖዚሽን 28 የተቃውሞ ጽሑፍ ያቀረበ ሰው አልነበረም። ማን ያቅርብ? ሕፃናት ቫዮሊን አይማሩ ብሎ ስሙን የሚያስመዘግብ ከየት ይመጣል! 64 ከመቶ ገደማ የሚሆነው መራጭ ደገፈው። ሕግ ሆነ።

ሁሉም የወደደው፣ ማንም ያልተቃወመው፣ በዓመት አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተመደበለት ሕግ እንዴት ፍርድ ቤት ደረሰ? እኔን የሳበኝ ይህ ነው። ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ላም አለኝ በሰማይ

ብዙ ሰው የሚመስለው ካሊፎርኒያ ሥነ ጥበብን በ2022 እንደ አዲስ እንዳስገባች ነው። አይደለም። የግዛቷ የትምህርት ሕግ ከዚያ በፊትም ቢሆን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ሥነ ጥበብ ይሰጥ ይል ነበር። ከ7ኛ እስከ 12ኛ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ለተማሪው ያቅርቡለት ይላል። ዳንሱም፣ ሙዚቃውም፣ ትያትሩም፣ ሥዕሉም በስም ተጠርተዋል። ወረቀቱ ላይ የጎደለ ነገር የለም። የጎደለው ብሩ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ። የፕሮፖዚሽን 28 አቀንቃኞች በቅስቀሳቸው ሲናገሩ እንደነበረው፣ የሙሉ ጊዜ የሥነ ጥበብ ወይም የሙዚቃ መምህር ያለው ከአምስት ትምህርት ቤት አንዱ ቢሆን ነው።

ወተቱ የደረቀበትን ጊዜ ብዙዎች ከ1978 ይቆጥሩታል። ያን ዓመት መራጩ ፕሮፖዚሽን 13ን አጸደቀ። የቤትና የመሬት ግብር ከተገመተው ዋጋ 1 ከመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም በዓመት ከ2 ከመቶ በላይ እንዳያድግ ተደረገ። ለባለ ቤቱ እፎይታ ነበር። ትምህርት ቤቶች ግን የሚተዳደሩት በአብዛኛው በዚያው ግብር ነበር። ገቢው ሲቀንስ ቅነሳ መጣ። ቅነሳ ሲመጣ ደግሞ የሒሳብ መምህር አይነካም፤ ሒሳብ ፈተና አለበት። የሚነካው የመዘምራን መምህሩ ነው። በ1988 ፕሮፖዚሽን 98 መጥቶ ለትምህርት ዝቅተኛ የበጀት ዋስትና ቢያስቀምጥም፣ የ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ የተረፈውን እንደገና ጠረገው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቅነሳው በሁሉም ላይ እኩል አላረፈም። ደህና ገቢ ያላቸው ወላጆች ባሉበት ሰፈር ወላጆቹ ተሰባስበው ገንዘብ ያዋጣሉ፣ መምህሩንም ራሳቸው ይከፍላሉ። እዚያ ፒያኖው አልተዘጋም። የተዘጋው ወላጅ ሁለት ሥራ በሚሮጥበት ሰፈር ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሥነ ጥበብ ትምህርት አለ ወይስ የለም ብቻ አልነበረም። ለማን አለ የሚለውም ነበር።

ብሩ እንዴት እንደተሠራ

ሐሳቡን ይዘው የተነሱት ኦስቲን ቢውትነር ናቸው። ከ2018 እስከ 2021 የሎስ አንጀለስን የትምህርት ዲስትሪክት፣ ማለትም የአካባቢውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረውን አካል፣ መርተዋል። ዲስትሪክቱ በአገሪቱ በትልቅነቱ ሁለተኛ ነው፤ 400,000 ገደማ ተማሪ አለው። ሰውየው በጀት ከውስጥ ሆነው ያዩ ናቸው፤ ይህ ኋላ ላይ ትርጉም ይኖረዋል። ጥያቄውን ለድምፅ ለማቅረብ 623,212 ትክክለኛ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። እነሱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰበሰቡ።

አዲስ ግብር የለም። ግዛቷ በፕሮፖዚሽን 98 ለትምህርት ቤቶች ካረጋገጠችው ገንዘብ 1 ከመቶ የሚያህል፣ ከዚያ ላይ ሳይቀነስ፣ በላዩ ተጨምሮ ይሰጣል። በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2023–24፣ 938 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ከዚህ 70 ከመቶው በተማሪ ቁጥር ይከፋፈላል። 30 ከመቶው ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች በሚመጡ ልጆች ቁጥር። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ድርሻ አለው፤ በምን ላይ እንደሚውል የሚያቅደውም ርዕሰ መምህሩ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ያልወጣ ገንዘብ ወደ ግዛቱ ተመልሶ ለሌሎች ይከፋፈላል።

500 ወይም ከዚያ በላይ ተማሪ ያለው ዲስትሪክት ከገንዘቡ ቢያንስ 80 ከመቶውን ሰው ለመቅጠር ማዋል አለበት። ከጠቅላላው 19 ከመቶው ደግሞ ለሥልጠና፣ ለመሣሪያ፣ ለቀለምና ለብሩሽ፣ ከውጭ ድርጅቶች ጋር ለመሥራት ነው። ለአስተዳደር ከ1 ከመቶ በላይ አይፈቀድም። ይህን ያረቀቀ ሰው ነገር የገባው ነው። የትምህርት በጀት በየቢሮው እየተንጠባጠበ እንደሚያልቅ ያውቃል።

ሥነ ጥበብ የሚለው ቃልም ሰፊ ተደርጓል። ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ ጀምሮ አኒሜሽን፣ የልብስ ዲዛይን፣ የፊልም ጽሑፍ፣ የኮምፒውተር ኮዲንግ ሳይቀር ገብቶበታል። (ኮዲንጉ ለእኔ ትንሽ ተለጥጧል። ግን ይሁን።)

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ አንቀጽ አለ። ገንዘቡ ተጨማሪ ይሁን እንጂ ቀድሞ የነበረውን የሚተካ አይሁን ይላል። የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ይህ ነው። ቆይተን እንመለስበታለን።

የተቃውሞ ጽሑፍ አልቀረበም ስል ተቃዋሚ ጨርሶ አልነበረም ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ጋዜጦች በርዕሰ አንቀጻቸው በጀትን በምርጫ ካርድ መቆለፍ ልክ አይደለም ብለው ነበር። ነገ ሌላ የባሰ ችግር ቢመጣ ገንዘቡን ማንቀሳቀስ አይቻልም ነው ክርክራቸው። ሞኝ ክርክር አይደለም። ሆኖም ሳይቆለፍ የቆየባቸውን ዓመታት ውጤት አይተናል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው

እስቲ ቁጥሩን ወደ አንድ ትምህርት ቤት እናውርደው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ወደ 5.8 ሚሊዮን የሚጠጋ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ አለ። 938 ሚሊዮኑን ብናካፍለው ለአንድ ልጅ በአማካይ 160 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። በገቢ የሚከፋፈለው 30 ከመቶ ስላለ አማካዩ ለሁሉም እኩል አይደለም። በእኔ ግምት ገቢው ደህና የሆነ ቤተሰብ ልጅ ወደ 110 ዶላር ይዞ ይመጣል። የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ ደግሞ ወደ 190።

አሁን 450 ልጆች ያሉበት አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እናስብ። በአማካዩ ብንሄድ 72,000 ዶላር ያገኛል። ሲሰሙት ደህና ብር ነው። 80 ከመቶው 57,600 ነው፤ ለሰው። 13,680 ለዕቃና ለመሳሰለው። 720 ለአስተዳደር።

የካሊፎርኒያ መምህር አማካይ ደመወዝ በ2022–23 በዓመት 95,000 ዶላር አካባቢ ነበር። በዚያ ላይ የጤና መድኅንና ጡረታ አለ። እሱ ሲጨመር በ57,600 የሚቀጠረው ሙሉ ሰው አይደለም። ግማሽ መምህር ነው። ግማሽ ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተካፍለው አንድ ሰው ይቀጥራሉ። መምህሯ ሰኞና ማክሰኞ እዚህ ናት፣ ረቡዕና ሐሙስ እዚያ፣ ዓርብ እየተቀያየረ።

በአንድ ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ተኩል ማለት ነው። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ብታስተምር 15 ይሆናል። 450ው ልጅ ደግሞ 25 ለ25 ቢከፈል 18 ክፍል ነው። አስራ አምስት ለአስራ ስምንት። አልበቃም። ርዕሰ መምህሩ እዚህ ላይ መወሰን አለበት። ሦስት ክፍሎች ይቅሩ? የትኞቹ? የመጀመሪያ ክፍል ሕፃናት ይጠብቁ ቢባል፣ ጆሮ የሚከፈተው በዚያ ዕድሜ ነው የሚል የሙዚቃ መምህር ይነሳል። ሁሉም ይማር ከተባለ ደግሞ በፈረቃ፣ ግማሹ በመጀመሪያው መንፈቅ፣ ግማሹ በሁለተኛው ይሆናል። ይህም መላ ነው። ግን በሁለተኛው መንፈቅ የሚጀምረው ልጅ ገና ጣቱን ገመዱ ላይ ማስቀመጥ ሲለምድ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል።

ክፍለ ጊዜው ራሱም እንደምናስበው አይደለም። ግማሽ መምህር የራሷ ክፍል አይኖራትም፤ ክፍሎቹ ተይዘዋል። ባለጎማ ጋሪ ነው ያላት። ከላይ ሃያ ምናምን ኡኩሌሌ (ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር)፣ ከታች የከበሮ መምቻ፣ በጎን በኩል የተጣጠፈ የኖታ መደርደሪያ። ኮሪደሩን እየገፋች ትመጣለች፤ አንዱ ጎማ ይንጫጫል። ልጆቹ ከሒሳብ ደብተራቸው ቀና ይላሉ። ወንበር ይገፋል፣ ዕቃ ይታደላል፣ አንዱ ክር ተበጥሷል፣ አንዱ የጓደኛውን ነጥቋል። በመጨረሻም ሁሉም ተመልሶ ጋሪው ላይ መደርደር አለበት፤ ቀጣዩ ክፍል ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። 45 ደቂቃ የተባለው ተጣርቶ ሲታይ 30 ቢሆን ነው።

ይህን የምለው ሕጉን ለማጣጣል አይደለም። ከዜሮ 30 ደቂቃ በስንት ጣዕሙ! ግን ለሁሉም ተማሪ የሚለው ተስፋ በሚሊዮን ሲነገርና በክፍለ ጊዜ ሲቆጠር አንድ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት።

መምህሩስ ከየት ይምጣ?

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። መምህር ግን በገንዘብ ብቻ አይገኝም። ሕጉን በሚገባ ለመተግበር ወደ 15,000 የሚጠጋ ተጨማሪ መምህርና ባለሙያ ያስፈልጋል የሚሉ ግምቶች ነበሩ። ለአሥርተ ዓመታት ሥራ ባልነበረበት ዘርፍ ማን ሊሠለጥን?

የዳንስና የትያትር ታሪክ ከሁሉም ይገርማል። በ1970 በወጣ ሕግ ካሊፎርኒያ ለሁለቱ ለየብቻ የሚሰጠውን የማስተማር ፈቃድ አስቀረች። ዳንስ ማስተማር የሚፈልግ ሰው የስፖርት መምህርነት ፈቃድ ያውጣ ተባለ። ትያትር የሚፈልግ ደግሞ የእንግሊዝኛ። ዕድሜውን ሙሉ የጨፈረ ሰው የቅርጫት ኳስ ሕግ ያጠና ነበር ማለት ነው። ፈቃዱ የተመለሰው በ2016፣ ገዥው ጄሪ ብራውን አዲሱን ሕግ ሲፈርሙ ነው። በተግባር መሰጠት እስኪጀምር ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት ሄደዋል። ስለዚህ የ2023ቱ ገንዘብ ሲመጣ በር ላይ የቆመ አመልካች ብዙ አልነበረም።

ሕጉ አንድ መውጫ ትቷል። የመምህርነት ፈቃድ የሌለውን የጥበብ ባለሙያ በድጋፍ ሰጪ ሠራተኛነት መቅጠር ይቻላል። ከበሮ የሚያውቅ ከበሮ፣ ቀለም የሚያውቅ ቀለም ያስተምራል። ክፍሉ ውስጥ ባለ ፈቃዱ መምህር ይኖራል። ለእኔ ይህ ሕጉ ካሉት መልካም ነገሮች አንዱ ነው። አንዳንዱ ጥበብ ሰርተፍኬት ያለው ሰው እጅ ላይ የለም።

የጎመን ምንቸት ውጣ

ወደዚያ አንቀጽ እንመለስ። ተጨማሪ እንጂ ተተኪ አይሁን።

የኛ 450 ልጆች ያሉበት ትምህርት ቤት ከድሮ ጀምሮ የግማሽ ጊዜ ሙዚቃ መምህር ነበረው እንበል። ደመወዙ የሚከፈለው ከመደበኛው በጀት ነው። የፕሮፖዚሽን 28 ብር መጣ። በሕጉ መንፈስ አሁን ሁለት ግማሾች ሊኖሩት ይገባል። ሙሉ መምህር! 18ቱም ክፍሎች በየሳምንቱ ይማራሉ፣ ትርፍም አለ።

ዲስትሪክቱ ግን የራሱ ጭንቅ አለበት። የተማሪው ቁጥር እየቀነሰ ነው። የኮቪድ ጊዜው የፌዴራል ድጎማ በ2024 አልቋል። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ የመምህሩን ደመወዝ የበጀት ኮድ ይቀይራል። ትናንት ከመደበኛው በጀት ይከፈል የነበረው ሰው ዛሬ ከአዲሱ ገንዘብ ይከፈላል። የተለቀቀው የመደበኛ በጀት ሌላ ቀዳዳ ይደፍናል። የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ። ማንም ሰው ብር ኪሱ አልከተተም። መምህሩም ያው ነው፣ ጋሪውም ያው፣ የሚንጫጫው ጎማም። ልጁ ግን አንዲት ደቂቃ አልተጨመረለትም።

ወላጅ ይህን እንዴት ያውቃል? አያውቅም። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። በማርች 2024 አካባቢ ቢውትነርና የሠራተኛ ማኅበራት ለግዛቱ ባለሥልጣናት ደብዳቤ ጽፈው አንዳንድ ዲስትሪክቶች ገንዘቡን በተተኪነት እየተጠቀሙበት ነው አሉ። እያንዳንዱ ዲስትሪክት ይህን እንዳላደረገ በፊርማው እንዲያረጋግጥም ጠየቁ።

በፌብሩዋሪ 2025 ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቢውትነር ከወላጆችና ከተማሪዎች ጋር ሆነው ከሰሱ። የተከሰሰው ማን ነው? ራሳቸው ይመሩት የነበረው የሎስ አንጀለስ ዲስትሪክት። በዓመት 77 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከዚህ ገንዘብ የሚደርሰው ነው። ከሳሾቹ ገንዘቡ ነባር መምህራንን ለመክፈል ውሏል አሉ። ዲስትሪክቱ ሕጉን አክብሬያለሁ ብሎ ክሱን አስተባበለ።

ማን እንደሚረታ ለዳኛው እንተወው። እኔን የያዘኝ ከጀርባው ያለው ጥያቄ ነው። ተጨማሪ የሚባለው በምን ይለካል? በዲስትሪክቱ ጠቅላላ ወጪ ከሆነ፣ አንድ ሰፈር ላይ ብዙ መምህር ተቀጥሮ ሌላ ሰፈር ላይ ምንም ባይጨመርም ድምሩ ጨምሯል። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ርዕሰ መምህር አምና ስንት ነበረኝ፣ ዘንድሮ ስንት አለኝ የሚለውን ማሳየት ይኖርበታል። ገንዘቡ በየትምህርት ቤቱ ስም ተከፋፍሎ ከመጣ፣ ልኬቱም እስከዚያው ድረስ መውረድ አለበት ባይ ነኝ። ሥራ ይበዛል፤ አውቃለሁ። ግን በድምር ውስጥ ያ ሦስት ክፍል የቀረበት ትምህርት ቤት አይታይም።

ለሚዛን ያህል፣ ብዙ ዲስትሪክቶች በዚህ ገንዘብ በእርግጥ አዳዲስ ሰዎች ቀጥረዋል። ሙዚቃ ያልነበረበት ትምህርት ቤት ሙዚቃ ገብቷል። በጀቱም ቋሚ ነው። ግዛቷ የትምህርት ዋስትናውን በጠቅላላ ካላገደች በቀር በዘፈቀደ ሊነኩት አይችሉም። ለወጣት ሙዚቀኛ አስተማሪ ብሆን ከአሥር ዓመት በኋላም ሥራ ይኖረኛል ብሎ ለማሰብ ምክንያት ሰጥቶታል። የመምህር እጥረቱን ቀስ በቀስ የሚፈታው ከየትኛውም የምልመላ ዘመቻ በላይ ይህ እምነት ይመስለኛል።

አንድ የቀረችኝ ነገር የዓመቱ ሪፖርት ናት። እያንዳንዱ ዲስትሪክት በቦርዱ አጸድቆ ለሕዝብ ማውጣት አለበት። ምን ዓይነት የጥበብ ትምህርት ተሰጠ? ስንት መምህር፣ ስንት ድጋፍ ሰጪ ሠራተኛ፣ ስንት ረዳት? ስንት ተማሪ ተገለገለ? በስንት ትምህርት ቤት? የኛ ርዕሰ መምህር ቁጭ ብሎ ይሞላል። ሙዚቃ። ግማሽ መምህር። 450 ተማሪ። አንድ ትምህርት ቤት። መምህሯ አዲስ ብትሆን እንዲህ ነው የሚሞላው። የበጀት ኮዷ ብቻ የተቀየረ ነባር መምህር ብትሆንም እንዲሁ። በየሳምንቱ ዓመቱን ሙሉ የተማረ ልጅ እዚያ 450 ውስጥ አንድ ነው። ለስድስት ሳምንት ኡኩሌሌ ይዞ የመለሰም አንድ ነው። ስንት ደቂቃ የሚል ሣጥን ፎርሙ ላይ ቢጨመር ብር አይጠይቅም።